የአሞጭ መውጫ

አሞጬ ያበበው ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። አምስት ቀን ካየሁት በኋላ አበባውን ከነአገዳው ቆረጥኩና ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ከፈትኩት። እናቴ በበሩ ስታልፍ አይታኝ «ስንት ወር እንደ ልጅ ስትጠብቀው ከርመህ ዛሬ ታርደዋለህ?» አለችኝ። የምፈልገው አንድ ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳው ካለ አበባው ወንድ ነው፤ ከሌለ ሴት ነው። ካለ የገባችው ትንኝ ትወጣለች፤ ከሌለ እዚያው ትቀራለች። ይሄን ለማወቅ ለምን እንደዚያ እንደቸኮልኩ ለእናቴ ማስረዳት አልቻልኩም። እዚህ ልሞክር።

አሞጭን የማታውቁት ትኖራላችሁ። ደጋ ላይ፣ ክረምት ሲገባ ከየጥሻው ሥር ብቅ የሚል ተክል ነው። ቅጠሉ ከአንድ አገዳ ጫፍ ላይ እንደ እጅ ጣት ይዘረጋል። አበባው አረንጓዴ ቱቦ ነው፤ አናቱ ላይ እንደ ቆብ ይደፋል። ከመሬት በታች ድንች መሳይ ክብ ሥር አለው፤ በክፉ ቀን እሱ ተቆፍሮ ይበላል። የሳይንስ ስሙ አሪሴማ ሺምፔሪያኑም ይባላል፤ አድዋ ኖሮ አድዋ በሞተው ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ በሺምፐር ስም ማለት ነው።

ዘመዶቹን ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጎደሬ ዘመዱ ነው። ሰርግ ላይ የምናየው ነጭ ጥሩምባ አበባም ዘመዱ ነው (የሳይንስ ስሙ «የኢትዮጵያ» ይላል እንጂ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ድሮ ፈረንጆች አፍሪካን በሙሉ በእኛ ስም ሲጠሩ የቀረ ነገር)። ባንክ ቤት ጥግ ላይ የሚቀመጠው፣ ነጭ ምላስ የሚያወጣው ተክልም እንደዚያው። የሁሉም አበባ አሠራሩ አንድ ነው። መሃል ላይ ዘንግ ይቆማል፤ ዙሪያውን አንድ ትልቅ ቅጠል ይጠቀለላል። እውነተኞቹ አበቦች ዘንጉ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ሰው ከሩቅ አይቶ «አበባ» የሚለው ልብሱን ነው።

የዚህ ዘር ግዙፉ ያለው ኢንዶኔዥያ፣ ሱማትራ ደሴት ላይ ነው። ታይታን አሩም ይሉታል። በእኛ ጆሮ «አረም» ስለሚመስል መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ኦዶአርዶ ቤካሪ የሚባል ጣሊያናዊ ሱማትራ ውስጥ አገኘው። ሰውዬው ከዚያ በፊት በ1870 ከእነ አንቲኖሪ ጋር ወደ እኛ አካባቢ፣ አሰብና ቦጎስ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በእግሩ ስር ስንት አሞጭ አልፎ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ዘሩን ወደ ፍሎረንስ ላከ፤ ከበቀሉት ችግኞች አንዱ ለንደን አጠገብ ያለው የኪው ዕፅዋት ማዕከል ደረሰና በ1889 እዚያ አበበ። ካገኙት እስካበበ 11 ዓመት መሆኑ ነው።

እኔ ያየሁት በጥር 2017 ነው፤ ያውም በስልክ። ጥምቀት ያለፈ ሰሞን ሲድኒ የሚገኘው ሮያል ቦታኒክ ጋርደን አንዷን ታይታን አሩም በቀጥታ ሥርጭት ያሳይ ነበር። ፑትሪሺያ ብለው ሰይመዋታል፤ መበስበስ የሚለውን ቃልና ፓትሪሺያ የሚለውን የሴት ስም አጋብተው። ያን ያህል ሰው ምንም የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ አፍጥጦ ያደረበትን ሥርጭት ከዚያ በፊት አላየሁም። አዳራሹ በር ላይ ደግሞ በሺዎች ተሰልፈዋል፤ ሰልፉ የበሰበሰ ሥጋ ለማሽተት ነው። ቀልድ መስሎኝ ነበር የገባሁት። ሦስት ሌሊት አደርኩበት።

ከዚያ አሳዳጊዎቹ የሚሉትን ማንበብ ጀመርኩ። ተክሉ ዘር ከሆነበት ጀምሮ እስኪያብብ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ሁሉ የሚያወጣው አንድ ቅጠል ብቻ ነው፤ ግን ቅጠሉ ዛፍ ያክላል። ቅጠሉ አንድ ዓመት ያህል ቆሞ ለሥሩ ምግብ ያጠራቅምና ይወድቃል። ሥሩ ለወራት ይተኛል። ከዚያ ሌላ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ ቅጠል። እንደገና መውደቅ፣ እንደገና መተኛት። ኤዲንብራ የሚገኘው ዕፅዋት ማዕከል ብርቱካን የምታክል ሥር ተቀብሎ ከ7 ዓመት በኋላ ሲመዝናት 153.9 ኪሎ ሆና ተገኘች። አንድ ኩንታል ተኩል! ሥሩ ሲተኛ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ይገድለዋል፤ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለወራት ባዶ አፈር ማየትና እጅን መሰብሰብ ከሥራው ዋናው ክፍል ነው። ቡቃያ ሲወጣ ደግሞ ቅጠል ይሁን አበባ መጀመሪያ ላይ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይናገርም። አሥር ዓመት ጠብቀህ፣ የወጣውን ነገር በየቀኑ እየለካህ ትገምታለህ።

አበባ ከሆነ ቁመቱ እስከ 3 ሜትር ይደርሳል፤ ተከፍቶ የሚቆየው ግን ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ማታ ይከፈታል። የልብሱ ውስጥ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ነው። ዘንጉ ይሞቃል፤ ወደ ሰው ገላ ሙቀት ይጠጋል፤ ሙቀቱም ሽታውን ሽቅብ ይበትነዋል። የሞተ እንስሳ የሚፈልጉ ጥንዚዛዎችና ዝንቦች ከሩቅ ይሰሙታል። የመጀመሪያው ሌሊት ሴቶቹ አበቦች ይቀበላሉ፤ በማግስቱ ወንዶቹ ዱቄታቸውን ይለቃሉ። በቀኖች ስለማይገጣጠሙ ራሱን በራሱ ማዳቀል ይከብደዋል። አሳዳጊዎቹ ለዚህ ብለው የወንዱን ዱቄት በማቀዝቀዣ እያስቀመጡ ከከተማ ከተማ ይላላካሉ። ዝንቧ ግን ምንም አታገኝም። ሥጋ ብላ መጣች፤ ሥጋ የለም። ተላላኪ ሆና ትሄዳለች፤ ተላላኪ መሆኗንም አታውቅም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ፑትሪሺያ በአንዱ ስክሪን ስትታይ በሌላው ስክሪን የሥራዬ ኮድ ተከፍቶ ነበር። የምሠራው ለአንድ ቤቲንግ አፕ ነው። ከባህር ዳር ሳልወጣ በርቀት፣ ለከተማችን በጣም ጥሩ በሚባል ደመወዝ። የዚያ ሳምንት ሥራዬ ብር ማውጫው ነበር። ብር ማስገቢያው በአንድ ንክኪ ያልቃል፤ ትልቅ አረንጓዴ በተን፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ። ማውጫውን ግን ወደ ሦስተኛው ገጽ እንዳወርደው፣ ቀለሙን እንዳደበዝዘው፣ በመሃል ሁለት ጥያቄ እንድጨምርበት ተነገረኝ። «ሰው ሐሳቡን እንዲያስብበት ጊዜ እንስጠው» ነበር የተባለው በስብሰባው። ስንቆጥረው ስድስት ንክኪ ሆነ። ከስድስቱ አራተኛው ላይ የምትወጣዋን ጽሑፍ የጻፍኳት እኔ ነኝ፦ «እርግጠኛ ነህ? ዛሬ ማታ ትልቅ ጨዋታ አለ።» ማንም አላዘዘኝም። በእንግሊዝኛ የተላከልኝ ጽሑፍ ደረቅ ስለነበር አማርኛውን ላሳምረው ብዬ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ብር ሊያወጡ ጀምረው መሃል ላይ የሚተዉት ሰዎች በዝተዋል ተብሎ በቡድኑ ቴሌግራም ላይ የጭብጨባ ምልክት ተላከልኝ።

ያኔ የሰጠሁት ምክንያት ሲድኒ ካለችው አበባ የተዋስኩት ነው። ተፈጥሮ ራሷ እንዲህ ናት አልኩ። ስንት ሚሊዮን ዓመት በማታለል የኖረች አበባን ሰው ሰልፍ ገብቶ ያደንቃል፤ እኔ አንድ በተን ባደበዝዝ ምን ይሆናል? ይሄን ለባልደረባዬ ስነግረው ወደደው፤ በቀጣዩ ስብሰባ ላይ እሱም ተናገረው። ከራስህ አፍ ስትናገረው ብልህ የሚመስል ነገር ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው እንዴት እንደሚያስቀይም ያን ቀን አየሁ።

ይሄ ምክንያት የት ላይ እንደሚሰበር ለማየት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ፍልስፍና ያነበቡ ሰዎች ዴቪድ ሂዩምን ይጠቅሱልኛል፤ «እንዲህ ነው» ከሚለው ተነስቶ «እንዲህ ሊሆን ይገባል» የሚለው ላይ መዝለል አይቻልም ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ለእኔ የሠራልኝ ሌላ ቀላል ነገር ነው። ታይታን አሩምን «ለምን ዋሸሽ?» ብትሏት የምትመልሰው የለም። ውሸቱን የጻፈ የለም። በሽታ ብዙ ዝንብ የጠራች ዘር ጣለች፤ ያልጠራች ሳትጥል ቀረች፤ በቃ። የእኔ ሥራ ግን ጊት ላይ ተመዝግቧል፦ የጻፈው እገሌ፣ ቀኑ ይሄ፣ ሰዓቱ ይሄ። ከጎኑ ደግሞ ለምን እንደጻፍኩት የሚገልጽ አንድ መስመር አለ፤ እኔው የሞላሁት። «የማውጫ ገጽ ማሻሻያ» ይላል። እዚያ መስመር ላይ እውነተኛውን ምክንያት መጻፍ አለመቻሌ፣ ያኔም ቢሆን፣ ነገሩን ማወቄን ያሳያል። አበባዋ የምትደብቀው ምክንያት የላትም።

ሁለተኛው መከላከያዬ ጠንከር ይላል። ሰዎቹ እኮ ራሳቸው ናቸው የሚመጡት፤ ማንም አልጎተታቸውም። እውነት ነው። ፑትሪሺያ ዘንድ የተሰለፈውም ራሱ መጥቶ ነው፤ እየተታለለም ነው፤ ሥጋ የሌለበት የሥጋ ሽታ ሊያሸት ነው የመጣው። ግን ያውቃል። እያወቀ አፍንጫውን ይዞ ይስቃል። የአበባዋ ተንኮል ለሰው ሲገለጥ ጨዋታ ይሆናል። የእኛው ቅኔስ እንደዚያ አይደል? ባለቅኔው ሰሙን ፊት ያቀርባል፣ ወርቁን ይደብቃል። ግን የሚደብቀው እንዲገኝለት ነው፤ ወርቁን የሚያገኝለት ሰው ካጣ ደክሞ መና ቀረ። የእኔ ስድስት ንክኪ በተቃራኒው ነው። የሚሠራው እስካልታወቀ ድረስ ብቻ ነው። እስቲ ገጹ ላይ «ይህን በተን ያደበዘዝነው ብርህን እንዳታወጣ ነው» ብለን በግልጽ እንጻፍ። ማን ይቀበላል? እንግዲህ ወጥመድ የምለው ይሄን ነው፤ ተደብቆ ብቻ የሚሠራ ነገር።

አሞጭን ያገኘሁት እነዚህን ሁሉ እያብሰለሰልኩ ሳነብ ነው። የአሪሴማ ዘር ወጥመድ ከታይታን አሩም ይከፋል። ጃፓንና አሜሪካ ያሉት ዘመዶቹ በደንብ ተጠንተዋል። ሻጋታና እንጉዳይ የሚወዱ ትንንሽ ትንኞች ሽታውን ተከትለው ቱቦው ውስጥ ይገባሉ፤ ግድግዳው ስለሚያንሸራትት ሽቅብ መመለስ አይችሉም። ወንዱ አበባ ግርጌው ላይ፣ ልብሱ በሚደራረብበት ቦታ፣ ትንሽ ክፍተት አለው፤ ትንኟ ዱቄት ተለቅልቃ በዚያ ትወጣለች። መውጣት አለባትና፤ ካልወጣች ዱቄቱ የትም አይደርስም። ሴቷ አበባ ግን ክፍተት የላትም። ዱቄቱ ከደረሰላት በኋላ ትንኟ ብትወጣ ባትወጣ ግድ የላትም። አንድ የሶፍትዌር ሰው ይሄን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቡት። መውጫ የሚሠራው ለገባው ሲባል አይደለም፤ ለባለቤቱ ሲጠቅም ብቻ ነው።

ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ። ያው አንዱ ተክል በዕድሜው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ሥሩ ትንሽ ሳለ ወንድ ነው፤ በልቶ ሲወፍር ሴት ይሆናል፤ ከተራበ ተመልሶ ወንድ ይሆናል። ፍሬ መያዝ ብዙ ምግብ ስለሚፈልግ ነው።

በቅርብ ዓመታት ግን የኮቤ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንዱ የጃፓን አሪሴማ ላይ ሌላ ነገር አገኙ። አንዳንድ ትንኞች በሴቷ አበባ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፤ አበባው ሲበሰብስ ልጆቻቸው እሱን በልተው ያድጋሉ፤ ከእናቶቹም አምልጠው የሚወጡ አሉ። መቃብር ያልነው ለካ በከፊል ማዋለጃም ነበር። ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ደስታዬ አሳፈረኝ። የሆነ ነፃ የሚያወጣኝ ነገር የተገኘ ይመስል። ትንኞቹ ተጠቀሙም ተጎዱም፣ ያ በተን ያው ያደበዘዝኩት በተን ነው።

ሦስት ሥር ያመጣልኝ አጎቴ ነው፤ ከላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ አጠገብ ካለ ማሳ ዳር። (የከተማዋ ስም ለዚህ ታሪክ የተፈጠረ ይመስላል፤ እኔ አላወጣሁትም።) በቀለም ባልዲ ሥር ቀዳዳ በስቼ፣ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ደባልቄ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። አንዱን በውሃ ገደልኩት፤ ሳይነቃ እያጠጣሁ። ያነበብኩትን እያወቅኩ ነው እኮ! ባዶ ባልዲ ዝም ብሎ ማየት አልቻልኩም። አንዱ ቅጠል ብቻ አወጣ። ሦስተኛው አበበ። ከላይ የነገርኳችሁ እሱ ነው።

አያቴ ባልዲዎቹን ስታይ ሳቀች። እሷ ጋር አሞጭ የሚታደግ ነገር ነበር እንጂ የሚታደጉት ነገር አልነበረም። ሥሩን ጥሬውን የቀመሰ አፉ በእሳት ይያዛል፤ ውስጡ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌዎች አሉበት። ለረጅም ሰዓት መቀቀል አለበት። «ረሃብ የጠናበት ሰው ሳይበስል ያወጣዋል» አለችኝ። «ግን አሞጭ አይሸነግልህም፤ ገና ምላስህ ላይ ሳለ ተወኝ ይልሃል።» ትንኟን የሚሸነግል ተክል ሰውን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል ማለት ነው። ይሄን ለአያቴ አልነገርኳትም፤ የትንኝ ጉዳይ መች ይደንቃታል።

በምላጭ የከፈትኩት አበባ ግርጌው ላይ ክፍተት ነበረው። ጠባብ ናት፤ የወረቀት ጫፍ ታስገባለች። ትንሽ ተክል ስለሆነ ወንድ መሆኑን መገመት ነበረብኝ። ቢሆንም ትንፋሼን እንደለቀቅኩ ትዝ ይለኛል።

ያን ሥራ ትቻለሁ። ኅሊናዬ አስቸግሮኝ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የተውኩት የተሻለ ሥራ ስላገኘሁ ነው። ገጹ አሁንም እንዳለ ነው፤ አንዳንዴ ከፍቼ አየዋለሁ።

ከፖሊ ወደ ጊዮርጊስ የሚያመላልሰኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ። ኢንጅነር ነው የሚለኝ። ገና እዚያ ስሠራ፣ ሚያዝያ አካባቢ፣ ጣና ዳር ስንደርስ ባጃጁን ጥግ አስይዞ ስልኩን ሰጠኝ። «ኢንጅነር፣ አንተ ትችልበታለህ። በልቼ ነበር፤ ብሬን በየት በኩል ነው የማወጣው?» ስክሪኑ ላይ የእኔ ገጽ ነበር። ሁለት ሺህ ምናምን ብር አለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ነካሁለት፤ አራተኛው ላይ ዓረፍተ ነገሬ ወጣች። እሱ ከትከሻዬ ላይ አነበባትና «ቆይ ቆይ» አለ። «እውነቱን ነው፣ ዛሬ ጨዋታ አለ።» ስልኩን ተቀበለኝ። «ተባረክ» አለኝ ደግሞ። በማግስቱ ስጠይቀው እጁን ብቻ አወናጨፈ።

አሁን ጥር ነው። ባልዲዎቹ ደርቀዋል፤ ሥሮቹ ተኝተዋል፤ ዘንድሮ ጠብታ ውሃ አላስነካሁም። አጎቴ ክረምት ሳይገባ ፍግ ጨምርበት ይለኛል። ከወፈረ በሚቀጥለው ሰኔ ሴት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ፍጉን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ እስካሁን አልጨመርኩም።

ይሄን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለሹፌሩ ነገርኩት። መናገር ያልቻልኩትን ነገር ወጥመድ ነው ብዬ እየጻፍኩ እሱን ዘልዬ ለእናንተ ብነግር አይሆንም። በተኑን፣ ስድስቱን ንክኪ፣ ዓረፍተ ነገሯን፣ ሁሉንም። ሰምቶኝ ሲያበቃ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አንተ የማን ደጋፊ ነህ?»

«እኔ ኳስ አላይም።»

«እኔ እኮ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው የጻፋት መስሎኝ ነው» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ሌላ ጊዜ መልስ ስጠብቅ «ተወው ኢንጅነር፣ ነገ ትሰጠኛለህ» ይልና ብሩን ይመልስልኝ ነበር። የዚያን ቀን ጊዮርጊስ ስንደርስ መልሴን ከኪሱ አውጥቶ፣ አንድ ብሯ ሳትቀር ቆጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።